አሬራና ቅቤ፦ የተላጠ ፊት አጭር ታሪክ

መቼም በዚህ ዘመን ‹‹ፒሊንግ›› የሚለውን ቃል ያልሰማ የከተማ ወጣት የለም። አዲስ አበባም ሆነ ጅማ የውበት ሳሎን በር ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ፊት ላይ አሲድ ይቀባል፣ ትንሽ ይለበልባል፣ ይታጠባል፣ ሒሳብ ይከፈላል። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ የላይኛው ቆዳ እንደ ቅቅል ድንች ልጣጭ መነሳት ይጀምራል። እስከዚህ ያለውን ሁሉም ይተርካል። ከዚያ በኋላ ስላለችው ሳምንት ግን የሚያወራ ጥቂት ነው። ቆዳው ስስ ሆኖ፣ እርጥበቱ እየተነነ፣ ፀሐይዋ እንደልቧ እየገባች የምታልፈዋን ሳምንት ማለቴ ነው።

የዛሬው ወሬያችን ስለዚያች ሳምንት ነው። እሷም ብትሆን ታሪክ አላት፤ ሐምቡርግን፣ ወሎን፣ ሆሊውድንና አለርት ሆስፒታልን ያካለለ ታሪክ። መነሻችንን ግን ከጅማ ከተማ በስተደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብላ ከምትገኘው ከደዶ እናድርግ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አባ ጅፋርንና ሐምቡርግን በአንድ ካላንደር ላይ ካላስቀመጥናቸው አይገናኙልንም።)

አንድ ቅል፣ ሁለት መድኃኒት

ደዶ ደጋዋ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚወጣ አገር ነው። ከብቱም፣ ድንቹም፣ ጎመኑም አለ። ከእንዲህ ዓይነቱ ደጋ ወደ ጅማ ገበያ ከሚወርደው ነገር አንዱ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ነው። ቅቤው ወጥ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቋንቋችን ራሱ ይነግረናል። ‹‹ቅቤ›› የሚለው ቃል የመጣው ‹‹ቅብእ›› ከሚለው የግዕዝ ቃል ነው፤ ትርጉሙም የሚቀባ ነገር ማለት ነው። ንጉሥ ሲነግሥ ‹‹ተቀባ›› የሚባልበትና ሴትዮዋ አናቷ ላይ ለጋ ቅቤ የምታደርግበት ቃል አንድ ቤተሰብ ነው። እንግዲህ በስማችን አሰጣጥ ቅቤ መጀመሪያ ቅባት ነው፤ ምግብነቱ ከዚያ ይከተላል።

የጅማ ኦሮሞም ከዚህ የራቀ አይደለም። ‹‹ሙዳ›› የሚለው የኦሮምኛ ቃል መቀባት ማለት ነው። እስልምና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጅማ ላይ ከመጽናቱ በፊት ኦሮሞዎች ረጅም መንገድ ተጉዘው ይሳለሙት የነበረው ታላቅ የሃይማኖት አባት ‹‹አባ ሙዳ›› ይባል ነበር፤ የመቀባት አባት እንደማለት። በዚያ ሥርዓት ቅቤ በረከት ነበረ።

አሁን ወደ ቅሉ እንመለስ። ወተቱ ተጠራቅሞ ይረጋል፤ ጥቃቅን ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጡታል። ከዚያ ይናጣል። ሲናጥ፣ ሲናጥ ስቡ ተሰብስቦ ቅቤ ይሆናል፤ ከሥር የሚቀረው አሬራ ነው። ያንን አሲድ እ.ኤ.አ. በ1780 ከኮመጠጠ ወተት ለይቶ ያወጣው ካርል ቪልሄልም ሼሌ የተባለ ስዊድን የኖረ ፋርማሲስት ነው። ላክቲክ አሲድ ይባላል። ዛሬ ሳሎኖቹና ክሊኒኮቹ ፊት ለመላጥ ከሚጠቀሙባቸው አሲዶች አንዱ ይኸው ነው። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው፤ እርጎ ውስጥ ከመቶ አንድ ገደማ ሲሆን የፒሊንጉ ጠርሙስ ውስጥ ከመቶ 30 እና ከዚያም በላይ ይሆናል። (ስለዚህ ማንም ተነስቶ አሬራ ፊቱ ላይ እንዳይደፋ። ብትጠጡት ይሻላል።)

ልብ በሉ። አንዲት ቅል ውስጥ የሚልጠውም የሚያለሰልሰውም አብረው ተወልደዋል። አሬራና ቅቤ መንትዮች ናቸው። የዛሬው ችግራችን ገበያው ሁለቱን አለያይቶ አሬራውን ብቻ መሸጡ ነው። ይህን ይዘን እንቀጥል።

ወይባ፦ የሰሜኑ ፒሊንግ

ቆዳን መላጥ ከፈረንጅ የመጣ ነገር የሚመስለው ካለ ወደ ሰሜን፣ ወደ ወሎና ትግራይ አብረን እንሂድ። እዚያ የወይባ ጢስ አለ። መሬት ላይ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ፍም ይደረግበታል፣ የወይባ እንጨት ይጨመርበታል። ሴቲቱ ሰውነቷን ተቀብታ፣ ጭንቅላቷን ብቻ ውጭ ትታ፣ ወፍራም ልብስ ተከናንባ ጢሱ ላይ ትቀመጣለች። ሱዳኖችም ‹‹ዱኻን›› የሚሉት የቅርብ ዘመድ ልማድ አላቸው። ጢሱና ሙቀቱ ተደጋግሞ ሲያገኘው ቆዳው ወደ ቢጫ ያደላ ቀለም ይይዛል። ‹‹ወይባ›› የመነኮሳቱ ቢጫ ልብስ ስም መሆኑን ያስታውሷል። ቆይቶ የላይኛው ንብር ይራገፋል፤ ከሥሩ ልስልስ ያለ ቆዳ ይወጣል።

ለእኔ የሚገርመኝ ጢሱ አይደለም። ማን፣ መቼ ይሞቀዋል የሚለው ነው። ሙሽራና አራስ ናቸው። ሁለቱም በወጉ መሠረት ከቤት የማይወጡ፣ ፀሐይ የማይመታቸው፣ ውሃ ቅጂ እንጨት ልቀሚ የማይባሉ ሴቶች ናቸው። እናት፣ እህት፣ አክስት ከበዋቸው ይቀቧቸዋል፤ ያበሏቸዋል። ጥላው፣ ቅባቱ፣ ዕረፍቱ፣ የሌላ ሰው እጅ፣ ሁሉም ከጢሱ ጋር አንድ ጥቅል ነበር። ያኔ ‹‹ድኅረ ፒሊንግ እንክብካቤ›› የሚል ወረቀት የሚታደል አልነበረም፤ ወጉ ራሱ ወረቀቱ ነበር።

ዛሬ ወይባው ከጫጉላው ተነጥሎ አዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ በሰዓት ይሸጣል። ልጅቷ ተጣጥና ወጥታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ፀሐይ ይቀበላታል። ጢሱ ያው ነው፤ የቀረው ጫጉላው ነው።

1882

አሁን ወደ ሐምቡርግ የሚያሻግረን አንድ ዓመት አለ። በ1882 ጁን ወር ላይ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ ተዋጉ፤ ምኒልክ አሸነፉ። የደቡብ ምዕራቡ ዕጣ በዚያ ጦርነት ለየለት። ከ1878 ጀምሮ ጅማን ይገዙ የነበሩት ዳግማዊ አባ ጅፋርም አካሄዱን አይተው ለምኒልክ ገበሩና መንግሥታቸውን አተረፉ። ደዶም በዚያው መንግሥት ውስጥ ነበረች። በዚያ ዘመን ከጅማው ሂርማታ ገበያ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ከዚህም ሁሉ የከፋው ሰው ራሱ ይሸጥ ነበር። ዝባዱ በቀንድ ታሽጎ ባሕር ተሻግሮ ሽቶ ውስጥ ይገባል። የውበት ንግድ ያኔ ከእኛ ወደ እነሱ ነበር እንግዲህ።

በዚያው በ1882 ሐምቡርግ ውስጥ ፓውል ገርሰን ኡና የተባለ የቆዳ ሐኪም ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ሬሶርሲኖል፣ ፌኖልና ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ ቆዳ ላይ የሚያደርጉትን ጽፎ አወጣ። የዛሬው ኬሚካል ፒሊንግ አባት የሚባለው እሱ ነው። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ከተማ፣ ፓውል ባየርስዶርፍ የተባለ ፋርማሲስት መድኃኒት ለተቀባ ፕላስተር የፈጠራ መብት አገኘ። አሁንም በዚያው ዓመት በርሊን ላይ ኦስካር ሊብራይሽ ከበግ ፀጉር ስብ የተጣራውን ላኖሊን አስተዋወቀ። የሚልጠውና የሚያለሰልሰው ጀርመን ላይም በአንድ ዓመት መጡ።

ኡና በልጦ የሚሄድ ሰው አልነበረም። ውሃና ስብ ሳይለያዩ አብረው የሚቆሙበት ቅባት ሲፈልግ የኖረ ሐኪም ነው። ባየርስዶርፍን የገዛው ኦስካር ትሮፕሎቪትዝና ኬሚስቱ ኢሳቅ ሊፍሹትዝ ያንን ቅባት ከነኡና ጋር ሆነው ሠሩት፤ በ1911 መጨረሻ ላይም ‹‹ኒቪያ›› ብለው ገበያ አወጡት። ስሙ በላቲን ‹‹በረዶ የመሰለች›› እንደማለት ነው። የክሬሙን ቀለም ለመናገር ይሁን ሌላ ምኞት ይኑርበት እናንተው ፍረዱ።

ቫዝሊን ደግሞ ከዚያ ይቀድማል። ሮበርት ቼዝብሮ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት የነዳጅ ጉድጓድ ሠራተኞች ከመቆፈሪያው ላይ የሚጠርጉትን ዝልግልግ ቅሪት ቁስላቸው ላይ ሲቀቡ አይቶ አጣርቶ ሠራውና በ1872 የፈጠራ መብት ወሰደበት። ቫዝሊን ቆዳውን የሚመግብ ነገር የለውም። የሚሠራው አንድ ሥራ ነው፤ ክዳን ይሆናል፤ ውስጥ ያለው ውሃ እንዳይተን ይዘጋል። ያቺ ርካሽ ብልቃጥ እስከ ዛሬ ከብዙ ውድ ክሬም በላይ ይህን ሥራ ትሠራለች።

ክዳን ለምን ያስፈልጋል የሚለው በደንብ የተፈተነው በ1962 ነው። ጆርጅ ዊንተር የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ አሳማ ቆዳ ላይ ትንንሽ ቁስሎች አድርጎ ግማሾቹን ሸፈነ፣ ግማሾቹን ደርቀው ቅርፊት እንዲያወጡ ተዋቸው። እርጥብ የሆኑት በእጥፍ ፍጥነት አዲስ ቆዳ ሸፈናቸው። ‹‹ቁስል አየር ያግኘው፣ ይድረቅ›› የሚለው ምክር ያን ቀን ተሸነፈ። የአዲስ ቆዳ ሕዋሳት የሚጓዙት እርጥብ መንገድ ላይ ነው፤ ደረቅ ቅርፊት ካጋጠማቸው ከሥሩ ገብተው መዞር አለባቸው።

ሆሊውድና የፈጠነው ገበያ

አሬራውና ቅቤው የተለያዩት ከዚህ በኋላ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐሥርት ዓመታት ሆሊውድ አካባቢ ሐኪም ያልሆኑ የውበት ባለሙያዎች በፌኖል የተዋናዮችን ፊት ይልጡ ነበር። ቀመራቸውን ይደብቃሉ፤ ገንዘቡን ይሰበስባሉ። ፌኖል ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ ወደ ደም ከገባ የልብ ምት ያዛባል። ሐኪሞች፣ በተለይም ቤከርና ጎርደን፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነገሩን ወደ ሕክምና መለሱት። በ1974 ቫን ስኮትና ሩይ ዩ ለስለስ ያሉትን የፍራፍሬና የወተት አሲዶች ለቆዳ ሕክምና አስተዋወቁ። ከዚያ ወዲህ ነው ፒሊንግ ‹‹በምሳ ሰዓት ገብቶ መውጫ›› የሆነው።

እኛ ጋ የደረሰው ይህ የምሳ ሰዓቱ ነው። ቅዳሜ ሠርግ ያለባት ልጅ ሐሙስ ትላጣለች፤ ቅዳሜ ቀን ሚዜዎቹ ‹‹ምን ሆነሽ ነው?›› ይሏታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የእኛ ቆዳ ጉዳይ

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህ ሁሉ ታሪክ በአብዛኛው የተሞከረው በነጭ ቆዳ ላይ ነው። በ1975 ቶማስ ፊትዝፓትሪክ ቆዳን ፀሐይ ላይ በሚያሳየው ጠባይ ሲመድብ መጀመሪያ ያወጣው አራት ዓይነት ብቻ ነበር፤ ቡናማና ጥቁር ቆዳ አምስተኛና ስድስተኛ ሆነው የተጨመሩት በኋላ ነው። እኛ በተጨማሪ ገጽ የገባን ሰዎች ነን።

ልዩነቱ የመልክ ብቻ አይደለም። የእኛ ቆዳ ሲጎዳ፣ ሲቃጠል፣ ሲፋቅ፣ ቀለም አምራቾቹ ሕዋሳት ይደነግጡና ሜላኒን ያበዛሉ። ብጉር ሲጠፋ የሚቀረው ጥቁር ነጥብ ይኸው ነው። ስለዚህ ማድያት ለማጥፋት የተላጠ ፊት ከተላጠ በኋላ በወጉ ካልተያዘ ከቀድሞው የባሰ ጠቁሮ ሊወጣ ይችላል። አሳዛኙ ክፍል ይህ ነው፤ ያቺ ሳምንት የተበላሸችባት ልጅ የጠቆረውን ለማቅላት ወደ ሌላ ብልቃጥ ትሮጣለች።

ያ ብልቃጥ የራሱ ታሪክ አለው። በ1939 አሜሪካ ውስጥ በአንድ የቆዳ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች እጅ በላስቲክ ጓንት ምክንያት ነጭ ሆኖ መገኘቱ ተዘገበ። ጓንቱ ውስጥ የነበረው ኬሚካል የሃይድሮኩዊኖን ዘመድ ነው። ከዚያ የማቅያ ክሬም ኢንዱስትሪ አደገ። ደቡብ አፍሪካ ላይ ለዓመታት የተቀቡ ሴቶች ፊት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት መያዙ በ1975 በሕክምና መጽሔት ተጻፈ፤ በ1990 ደቡብ አፍሪካ የማቅያ ክሬሞችን አገደች። በየገበያው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡት ሌሎቹ ክሬሞች ደግሞ ሜርኩሪ ወይም ጠንካራ ስቴሮይድ ሊኖርባቸው ይችላል። ስቴሮይዱ መጀመሪያ ፊት ያፈካል፤ ቆይቶ ቆዳውን ያሳሳል፣ ደም ሥር ያወጣል፣ ሲተዉት ደግሞ ይቆጣል። እንዲህ ያለ ቆዳ ላይ አሲድ ማፍሰስ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ከለምጽ ሆስፒታል የመጣ ጥበብ

ደግነቱ አገራችን ቆዳን ማለስለስ በቁም ነገር የተማረችበት ቦታ አላት። በ1965 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አለርት ዋና ሥራው የሥጋ ደዌ ነበር። በሽታው ነርቭ ሲጎዳ የእጅና የእግር ላብ ይቆማል፤ ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ይቆስላል። ለታካሚው የሚሰጠው ትምህርት በሦስት ቃል ያልቃል፤ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፍ፣ የደረቀውን በቀስታ ፋቅ፣ ሳይደርቅ ተቀባ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ታካሚዎች ራሳቸው በቡድን እየተሰበሰቡ አንዱ የሌላውን እጅና እግር እያየ ይህን ይሠሩ ነበር።

የእግር እብጠት (ፖዶኮኒዮሲስ) ያለባቸው ወገኖቻችንም ሕክምናቸው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ መታጠብ፣ ቅባት፣ ጫማ። በ2017 የታተመ፣ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገ ጥናት መዘፍዘፊያው ውሃ ላይ ከመቶ ሁለት ግሊሰሪን ቢጨመር ቆዳው እርጥበቱን ይበልጥ እንደሚይዝ አሳይቷል። ግሊሰሪንንም መጀመሪያ ያገኘው ማን ይመስላችኋል? ያው የአሬራውን አሲድ ያወጣው ሼሌ ነው!

እና ምን እናድርግ?

ይህ ሁሉ ታሪክ ለተላጠ ፊት ሲተረጎም እንዲህ ይሆናል። ፊትን በቀን ሁለቴ በለብታ ውሃና ለስላሳ ማጠቢያ በጣት ብቻ ማጠብ፤ ፎጣውን መጫን እንጂ አለመፈግፈግ። ገና እርጥብ እያለ ሽታና ቀለም የሌለው ክሬም ወይም ስስ ቫዝሊን መቀባት፣ ሲደርቅ መድገም። የሚነሳውን ቆዳ አለመጎተት፤ ያልደረሰ ቆዳ ተጎትቶ ሲወጣ የሚተወው ጥቁር ምልክት ነው። ስክራብ፣ ሬቲኖል፣ ሎሚ፣ ስቲምና ወይባ ለጊዜው ይቅሩ። ለስላሳ ፒሊንግ በሳምንት ገደማ ይድናል፤ ጠለቅ ያለው ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ከንፈሩ ላይ ምች የሚወጣበት ሰው ከመላጡ በፊት ለሐኪሙ ይናገር፤ አሲዱ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ውሃ የቋጠረ፣ መግል የያዘ ወይም ሕመሙ የሚብስ ፊት ደግሞ የሐኪም ነው።

ቅቤስ? ለጋ ቅቤ ያልተጎዳ አናት ላይ ወጉ ነው። የተላጠ ፊት ላይ ግን አይሆንም፤ ያልፈላ ወተት ውጤት ስለሆነ ባክቴሪያ ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ ብጉርም ያባብሳል። ከአያቶቻችን የምንወርሰው ሐሳቡን ነው፤ የተላጠ ነገር ክዳንና ጥላ ይፈልጋል የሚለውን።

ጥላውን ደግሞ አደራ። ከባሕር ጠለል በየ1,000 ሜትሩ ከፍ ባልን ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከመቶ 10 ያህል ይጨምራል። ጅማ ከተማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ደዶ ከዚያም ከፍ ትላለች፤ አዲስ አበባማ አታምጡት። ‹‹ጅማ ደመና ነው፣ ዝናብ ነው›› ማለትም አያድንም፤ ስስ ደመናን አብዛኛው ጨረር ያልፈዋል። ቆዳው ተራግፎ ካለቀ በኋላ ቁጥሩ ከ30 የማያንስ ሰንስክሪን፣ ከዚያ በፊት ኮፍያ፣ ጃንጥላ ወይም ነጠላ። ሰንስክሪኑን መግዛት የማይችል ሰው ፒሊንጉን ባይገዛ ይሻለዋል፤ ሁለቱ የአንድ ዕቃ ሁለት ግማሽ ናቸውና።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። ሙቀትም ማድያት ይቀሰቅሳል፤ ከሰል ላይ ጎንበስ ብሎ ቡና መቁላት ለአዲስ ቆዳ ጥሩ አይደለም። የቡና አገር ላይ ሆኖ ይህን መናገር ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ግን ለሙሽራዋና ለአራሷ የተፈቀደውን ያንኑ ለራሳችሁ ፍቀዱ፤ ለዚያች ሳምንት ቡናውን ሌላ ሰው ይቁላ። እናንተ ጥላ ሥር ሆናችሁ ጠጡ።

ቸር እንሰንብት!